የሐጂ ቡሽራ ሐምራዊ ሻሎች

አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ስሟን ብነግራችሁ "የእኛ ናት"፣ "የለም፣ የእኛ ናት" ብላችሁ ስለምትጣሉብኝ ልተወው። ከጀርባዋ ገደል፣ ከፊቷ ወንዝ፣ መሃሏ ላይ በጭቃ የተመረገ መስጂድ ነበራት። በዚያች ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ቀለም ነካሪ ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ጢማቸው ነጭ፣ እጃቸው ግን እስከ ክርናቸው ሐምራዊ ነበር። ለሶላት እጃቸውን ሲያነሱ ከኋላ የቆሙ ልጆች አፋቸውን ይዘው ይስቁ ነበር ይባላል። ሐጂም ይህን ያውቃሉ፤ አንድ ቀን ተቆጥተው አያውቁም።

ሐምራዊውን ቀለም ከየት እንደሚያመጡት ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከገደሉ ድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፎ የሚበቅል፣ ሰዉ "የድንጋይ ሽበት" የሚለው ግራጫ ነገር አለ። ላየው ሰው ፍየል እንኳ ዞር ብላ የማታየው እድፍ ነው። ሐጂ ዝናብ እስኪያለሰልሰው ጠብቀው በቢላ ይፍቁታል፣ ያደርቁታል፣ ይወቅጡታል፤ ከዚያ በጋን ይዘፈዝፉታል። በምን ቢሉ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በውሃ ቢዘፈዝፉት ግራጫው ግራጫ ሆኖ ይቀራል። የሚዘፈዘፈው ከርሞ በገማ የላም ሽንት ነው። ጠዋትና ማታ ክዳኑን ከፍተው ሲያማስሉት፣ ነፋስ ሲያገኘው፣ መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ በስተመጨረሻ፣ ሱብሃነላህ፣ ዓይን የሚያስር ሐምራዊ ይወጣዋል። ጥጥ አይቀበለውም፤ የበግ ጸጉር ግን ይጠጣዋል። ስለ ሽታው አትጠይቁኝ። በሐጂ ግቢ በር የሚያልፍ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው አሰላሙ ዐለይኩም የሚለው።

ሽንት ደግሞ ከተማዋ በምትከተለው የሸሪዓ መንገድ፣ በሻፊዒ መዝሀብ፣ የሰውም ይሁን የከብት፣ ነጃሳ ነው። ነጃሳ ያለበት ልብስ ካልጠራ አይሰገድበትም። ስለዚህ የሐጂ ትልቁ ሥራ መንከሩ ሳይሆን ማጠቡ ነበር። ሻሎቹን በአህያ ጭነው ወንዝ ይወርዳሉ። ወራጅ ውሃ ውስጥ ነክረው ያሻሉ፣ ይጨምቃሉ፣ እንደገና ይነክራሉ። ቀለሙ አይለቅም፤ በዚያም ሸሪዓው ሰውን አይዝም። ሽታው ግን መሄድ አለበት። ሐጂ እያንዳንዱን ሻል አፍንጫቸው ላይ አድርገው ያሸቱታል። ጥቂት እንኳ ከሸተተ ተመልሶ ውሃ ይገባል። ካልሸተተ "ጠርቷል" ይላሉ። ሐጂ ጠርቷል ካሉ ጠርቷል፤ ቃዲው ሳይቀሩ በዚያች ቃል ይሰግዱ ነበር።

ፈተናው የመጣው በዚያችው አፍንጫ በኩል ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጋን ላይ ጎንበስ ሲሉ የኖሩት ሽማግሌ አንድ ቀን ክዳኑን ቢከፍቱ ምንም አልሸተታቸውም። ነጭ ሽንኩርት ቢያሸቱ የለም። ሽቶ ቢያሸቱ የለም። አፍንጫ የሌለውን ቀለም ነካሪ ማን ያምነዋል? አፈሩና ደበቁት። የነገሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ልጃቸውን ረውዳን ላገባውና አብሯቸው ለሚሠራው ለጀውሃር።

"ልጄ፣" አሉት፣ "ከዛሬ ጀምሮ የማሸተው ባንተ ነው። የሰው ሶላት እጅህ ላይ ነው ያለው። አማና ነው።"

"ኢንሻአላህ አላሳፍርዎትም፣ አባ" አለ ጀውሃር።

ከልቡ ነበር ያለው። ጀውሃር ከገጠር ሲመጣ ከለበሳት ሽርጥ በቀር ምንም አልነበረውም። ሐጂ ሙያ አስተማሩት፣ ልጃቸውን ዳሩለት፣ በሰው ፊት "ልጄ" ብለው ጠሩት። አባቱን በልጅነቱ ላጣ ሰው ይህች ቃል ምን እንደሆነች የሚያውቅ ያውቃታል። መጥፎ ሰው አልነበረም። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር።

ረመዳን እየተገባደደ ነበር። ለኢድ ሐምራዊ ሻል ያልታዘዘበት ቤት አልነበረም። ዝናቡ ዘግይቶ ወንዙ ወደ ታች ሸሽቷል፤ ሐጂ ደግሞ ጉልበታቸውን አሟቸው ከመደብ መነሳት አቅቷቸዋል። ጀውሃር ሻሎቹን በአህያ ጭኖ ብቻውን ወረደ። ፆም ነው፣ ፀሐይ ነው፣ መንገዱ አያልቅም። ግማሽ መንገድ ላይ ከዓለቱ ሥር የቀረች ኩሬ አገኘ። እዚያው አራገፈና ሁሉንም በዚያች በቆመች ውሃ አጠበ። ውሃው መጀመሪያ ሐምራዊ፣ በኋላ ጥቁር ሆነ። አንዱን ሻል አንስቶ አሸተተው፤ ይሸታል። "ሲደርቅ ይለቃል" አለ ለራሱ።

ደረቀ። አልለቀቀም። ቀጭን ሆኖ፣ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ወንዝ ወርዶ አጥቦ ለማድረቅ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ኢዱ ደርሷል፤ ባለ ሻሎቹ በር ላይ ቆመዋል። ጀውሃር ገበያ ወጣና ሚስክ ገዛ። በእያንዳንዱ ሻል ጫፍ ጠብ ጠብ አደረገ። ለኢድ ሽቶ መቀባት ሱና አይደል? እንዲህ ብሎ ራሱን አታለለ። ሰይጣን እኮ በሐራም ስም አይመጣም፤ ሱና ይዞ ነው የሚመጣው።

ሐጂ ከመደባቸው ሆነው ጠየቁት። "ጠርቷል?"

"ጠርቷል፣ አባ።"

"አላህ ይባርክህ፣ ልጄ። አሳረፍከኝ።"

የኢድ ዕለት ሜዳው ሐምራዊ ሆነ። "የዘንድሮው ደግሞ ሚስክ ሚስክ ይላል!" እያለ ሰዉ ሐጂን አመሰገነ። ሐጂም በምርኩዝ ወጥተው የጀውሃርን እጅ ያዙና በሕዝቡ ፊት "ከእንግዲህ ሥራው የእሱ ነው። ጠርቷል ካላችሁ እኔ እንዳልኳችሁ ቁጠሩት" አሉ። ሰዉ ማሻአላህ አለ። ጀውሃር መሬት መሬት አየ። ሱጁድ ሲወርድ የራሱ ሻል ጫፍ ፊቱ ላይ ወደቀ። ከሚስኩ ሥር ያ ሽታ ነበር። ግንባሩ መሬት ላይ እንዳለ ጆሮው እስኪግል አፈረ፤ ቀና ሲል ግን ሰው ሁሉ እያቀፈው ኢድ ሙባረክ ስላለው እፍረቱን ዋጠው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እማማ ዘምዘም መጡ። እማማ ዘምዘም ባልቴት ናቸው፤ እናቷ የሞተችባትን ሕፃን የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ፣ ሱፍ ፈትለው የሚያድሩ፣ ለዚያች ሻል ስንት ዘመን ሲመኙ የኖሩ ሴት። የኢድ ጠያቂ ገና አላለቀም ነበርና ግቢው በሰው ተሞልቷል።

"ሐጂ፣ አይቀየሙኝና ይህ ሻል ሸተተኝ" አሉ። "ዉዱእ ሳደርግ ውሃ ነካው፤ ከዚያ ወዲያ አላስቀምጥ አለኝ። እንዴት አድርጌ ልስገድበት?"

ሐጂ ተቀበሉና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከልማድ ነው እንጂ ምን ሊያገኙ! ከዚያ ለጀውሃር አቀበሉት። "እስኪ አንተ እየው።"

ጀውሃር አሸተተ። ሽታውን እንደ ገዛ ስሙ አወቀው። ቀና ሲል ሰው ሁሉ እሱን ያያል። ሐጂም ያዩታል።

"ከእኛ ሲወጣ ጠርቶ ነው የወጣው፣ አባ" አለ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! አላቆመም። "ቤት ውስጥ ሕፃን አለች አይደል፣ እማማ?" አለ ፈገግ ብሎ። "ምናልባት እሷ... ያው ሕፃን ናት እንግዲህ።"

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ነጋዴ፣ ኢልያስ የሚሉት አፈ ስል፣ "እማማ፣ ልጅቷን እዚህ ያምጧት፤ ሐጂ ለጋናቸው ይፈልጓታል!" ብሎ ሳቁን አባሰው። እማማ ዘምዘም "ኧረ ከሳጥን አውጥቼው አላውቅም፤ ለሶላት ብቻ ነው የምለብሰው" አሉ። ማን ይስማቸው። ሻሉን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወጡ። ጀውሃርም ከሰዉ ጋር ሳቀ።

ከዚያ በኋላ እማማ ዘምዘም በመንገድ ሲያልፉ "ሽንታሟ አሮጊት" የሚል አልጠፋም። ቀልድ ነው ይላል ሰው። እሳቸው ግን መስጂድ መምጣት ተዉ። የሴቶቹ ረድፍ ላይ ቦታቸው ባዶ ሆነ። ጀውሃር ይህን ሲሰማ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። ረውዳ "ምን ሆንክ?" ብትለው "ሆዴን አሞኛል" አላት። እንግዲህ ሦስተኛ ውሸት መሆኑ ነው።

ያን ቀን ያልሳቁት ሐጂ ብቻ ነበሩ። በማግስቱ ማለዳ ምርኩዛቸውን አንስተው "ሻሉን ያዝና ተከተለኝ" አሉት። ቃዲ ሙዘሚል ዘንድ ሄዱ። ቃዲው ሻሉን አሸተቱና አንገታቸውን ወደ ኋላ መለሱ።

"ሐጂ፣ ይህ አልጠራም።"

"የሕፃን ሽንት ቢሆንስ?" አሉ ሐጂ።

"ስንት ዘመን በደጅዎ ሳልፍ ኖሬ ይህን ሽታ ልስተው?" አሉ ቃዲው። ከዚያ ቆም አሉ። "እርስዎን አልሸተተዎትም?"

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። "አይሸተኝም። ከቆየ።"

 ቃዲው ሽማግሌውን ይወዷቸው ነበርና መውጫ ፈለጉላቸው። "ይስሙኝ። ሥጋው የሚበላ እንስሳ ሽንት ንጹሕ ነው፣ ጦሃራ ነው ያሉ ዑለሞች አሉ፤ ትላልቅ ዑለሞች። ሰዉም ሳያውቅ ነው የሰገደው። በዚህ እንዝጋውና የእርስዎም ስም ይጠበቅ።"

 ጀውሃር በልቡ "ያ አላህ፣ እሺ ይበሉ" አለ።

"የእነዚያን ዑለሞች ቃል አከብራለሁ" አሉ ሐጂ። "እኔ ግን ለዚህ ሕዝብ በራሱ መዝሀብ አጥቤዋለሁ ብዬ ነው የሰጠሁት። ወንዙ ደግሞ አልደረቀም፤ ራቀ እንጂ።"

ወንዙ! ጀውሃር ሐጂን ሰረቅ አድርጎ አያቸው። ያውቃሉ ማለት ነው? ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ "አሁን ይጠይቁኛል፣ አሁን ይጠይቁኛል" እያለ ሄደ። ቢጮሁበት፣ በምርኩዙ ቢሉት ይሻለው ነበር። ሐጂ ግን የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ረውዳ ደህና ናት?"

"ደህና ናት፣ አባ።"

"አልሐምዱሊላህ።"

ጁምዓ ደረሰ። ሶላቱ እንዳበቃ ሐጂ ከፊት ረድፍ ተነስተው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ጀመዓ፣ አንድ ጊዜ አትሂዱ" አሉ። "የዘንድሮው የኢድ ሻል አልጠራም። ነጃሳ አለበት። አፍንጫዬ ማሽተት ካቆመ ቆይቷል። ብነግራችሁ ትተውኛላችሁ ብዬ ፈርቼ ደበቅኳችሁ። ሻሎቹን መልሱልኝ፤ ወንዝ ወርጄ በእጄ አጥባቸዋለሁ። እማማ ዘምዘም ያሉት እውነት ነው። በገዛ ግቢዬ ሲሳቅባቸው ዝም ብያለሁ። ለዚህ አላህንም እሳቸውንም አውፍ በሉኝ እላለሁ።"

መስጂዱ ተናወጠ። "የሰገድነውስ?" አለ አንዱ። ቃዲው ተነስተው በሻሉ የሰገዱትን ፈርድ ሶላት እንደገና ሰግደው ቀዳ እንዲያወጡ ተናገሩ። ጩኸቱ ጨመረ። ያ አፈ ስሉ ኢልያስ ከንዴቱ የተነሳ አንቱታውን ረስቶ "ታዲያ ማን ነበር የሚያሸትልህ? ንገረና!" አለ።

"አማናው ለእኔ ነው የተሰጠው" አሉ ሐጂ። "የምትጠይቁት እኔን ነው።"

ጀውሃር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ተነስ አንተ ሰውዬ! ይህን ታሪክ በተናገርኩ ቁጥር እዚህ ስደርስ ልጮህበት ይቃጣኛል። አልተነሳም። ሰዉ እያጉረመረመ ወጣ፤ አንዳንዱ ደጃፍ ላይ በሐጂ ጫማ አጠገብ ምራቁን ጢቅ ብሎ አለፈ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ ቆሙ። ጀውሃር ከተቀመጠበት ሆኖ ያን ምራቅ አየው። የእሱ ነበር፤ ባለቤቱን ስቶ ነው ሐጂ ጫማ አጠገብ የወደቀው።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ያጥባሉ። እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ሰዉ እየመጣ ሻሉን ዳር ላይ ይወረውርላቸዋል። ጀውሃርም አጠገባቸው ገብቶ ያሻል፤ ቀና አይልም። አንድ ሽማግሌ ከዳር ሆነው "አላህ ይባርክህ ልጄ፣ በክፉ ቀን አልተውካቸውም" አሉት። ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር። ይህን ምርቃት ግን አልቻለውም፤ ፊቱን በወንዙ ውሃ ታጠበ፣ ሰው ዓይኑን እንዳያይ።

ይህን ጊዜ እማማ ዘምዘም ወረዱ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ሳይናገሩ ውሃ ገቡ።

"እማማ፣ ይህ የእርስዎ ሥራ አይደለም" አሉ ሐጂ።

"የእኔም ሻል እዚሁ ክምር ውስጥ ነው" አሉ እማማ ዘምዘም። "ደግሞ እርስዎ የማያሸቱ፤ ጠርቷል አልጠራም ማን ሊልዎት ነው?" አንዱን አነሱና አሸተቱ። "ይህ ገና ነው። ይህኛው ጠርቷል።" ሌላ ጨመቁና አሸተቱት፤ ተጠራጠሩ። ከዚያ ዞር ብለው ለጀውሃር ዘረጉለት። "እስኪ አንተ አሽትተህ ንገረኝ፣ ልጄ። አሮጊት ነኝ፣ እሳሳት ይሆናል።"

ፌዝ አልነበረበትም። ሴትዮዋ ያን ቀን እንኳ የጠረጠሩት እሱን ሳይሆን የገዛ አፍንጫቸውን ነበር።

ጀውሃር ሻሉን ሊቀበል የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ።

"እማማ፣ እኔ ነኝ" አለ። ድምፁ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ፤ ዳር የቆሙት ሁሉ ዞሩ። "ወንዝ አልወረድኩም። ኩሬ ውስጥ ነው ያጠብኩት። ሽታውን በሚስክ ሸፈንኩት። ያን ቀን ሻልዎን ሲያመጡም ሽታውን አውቄው ነበር። በልጅቷ ያላከክሁት አውቄ ነው። ወላሂ አውቄ ነው።"

 ጀውሃር ወደ ሐጂ ዞረ። "አባ፣ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?"

"ብጠይቅህ ትዋሸኝ ነበር" አሉ ሐጂ። "አንድ ላይ ሌላ እንዳላስጨምርህ ፈራሁ።"

ጀውሃር እዚያው ውሃው ውስጥ ተንበረከከ። ዳር ያሉት ሁለት ተከፈሉ። ኢልያስ "ውጣ ከውሃው፣ ቀጣፊ! ሽማግሌ ላይ ምራቅ አስተፋህ!" እያለ ጭቃ አነሳ። ሌሎቹ ደግሞ አንጀታቸው ተላውሶ "በቃ ተነስ፣ አይዞህ፣ ሰው ነህ፣ ምንም አይደል" እያሉ ሊያነሱት ገቡ። ሐጂ ሐምራዊ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሁለቱንም አስቆሙ።

"ተዉት" አሉ። "ሰው ሲያፍር አትቸኩሉበት። አላህ እያጠበው ነው።"

እማማ ዘምዘም ሻላቸውን ጨምቀው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። "እኔ አውፍ እልሃለሁ" አሉት። "ግን እዚህ አይደለም። የሳቁብኝ ሰዎች ቤት ቤታቸው ናቸው። መጀመሪያ እነሱ ዘንድ ሂድና የነገርከኝን ንገራቸው፤ ከዚያ ደጄ ና።"

ጀውሃር ሄደ። ያን ቀን በሐጂ ግቢ የሳቁትን አንድ በአንድ ያስታውሳቸው ነበር፤ ባለ እፍረት ማን እንደሳቀ አይረሳም። በየደጁ ቆሞ "እማማ ዘምዘም እውነት ተናግረዋል፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ" አለ። የዘጋበትም አለ፣ ያስገባውም አለ። በመጨረሻ እማማ ዘምዘም ደጅ ሲደርስ ሕፃኗ ናት የከፈተችለት ይባላል፤ አይቷት አለቀሰ። በሚቀጥለው ጁምዓ እማማ ዘምዘም በሴቶቹ ረድፍ ቦታቸው ላይ ነበሩ።

እንግዲህ የሐጂን ቃል እናስብበት። እኛ ያፈረ ሰው ስናይ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምናውቀው። ወይ እንረግጠዋለን፣ ወይ ፈጥነን "ምንም አይደል" ብለን እናነሳዋለን። ምንም አይደል የምንለው እኮ ለእሱ አዝነን ብቻ አይደለም፤ እፍረቱን ቆሞ ማየት ለእኛ ስለሚከብደን ነው። ሐጂ ግን እፍረትን ከአላህ እዝነት ቆጠሩት። ያፈረ ሰው ገና አልተተወም።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። ይህን ታሪክ ያወረሱን ሰዎች ጀውሃር በየቤቱ መዞሩን ነግረውናል። ከእነዚያ ከሳቁት መካከል ግን "እማማ፣ አውፍ በሉኝ" ብሎ የሄደ አንድ ሰው እንኳ አልነገሩንም። እነሱ ምን አደረጉ? አልዋሹ፣ አማና አልበሉ። ትንሽ ሳቁ፣ ያ ነው። ስለዚህ ለጀውሃር አልፈራለትም፤ እሱ አፍሯል። የምፈራው ባልቴቷ ላይ ስቆ፣ ቤቱ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ዒሻውን ሰግዶ፣ በሰላም ለተኛው ነው።